ጥገኛ ተርቦችና ጂናቸው ውስጥ የሚኖረው ቫይረስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አባጨጓሬ ሆድ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ተርብ አለች። ከእንቁላሉ ጋር ቫይረስም አብራ ትከትበታለች። ቫይረሱ ከውጭ የያዛት በሽታ አይደለም። ከእናት ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ ክሮሞዞሟ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ይህን ለሰው ባወራሁ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ያው ናቸው። አንዳንዶቹ በአንድ መስመር ያልቃሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ቁጭ ብሎ ማውራት ይፈልጋሉ።

ጥገኛ ተርብ የምትሉት ያቺን ሰው የምትነድፈውን ነው?

አይደለም። ሁላችንም የምናውቃት ተርብ ጣሪያ ሥር ቤቷን ሠርታ የነካትን የማትምረዋ ናት። እነዚህኞቹ ግን ብዙዎቹ ከትንሽ ጉንዳን አይበልጡም። ኮቴሲያ የሚባለው ወገን አባላት ርዝመታቸው 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አጠገባችሁ ቢያልፉ ትንኝ መስለዋችሁ እጃችሁን ታወዛውዛላችሁ፣ በቃ። ካደጉ በኋላ የአበባ ወለላ ነው የሚቀምሱት። ጭካኔው ያለው ልጅነታቸው ላይ ነው።

እናቲቱ አባጨጓሬ ፈልጋ ታገኛለች። ላዩ ላይ ወጥታ መርፌ በመሰለው እንቁላል መጣያዋ ቆዳውን ትበሳለች። በጥቂት ሰከንድ ጨርሳ ትሄዳለች። ኮቴሲያ ኮንግሬጋታ የምትባለዋ የትምባሆ አባጨጓሬ ላይ አንዴ ወግታ ብዙ አሥር እንቁላል ማስገባት ትችላለች። እጮቹ እዚያው ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ ደሙን እየጠጡ ያድጋሉ። አባጨጓሬው እየበላ፣ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እጮቹ ቆዳውን ቀደው ይወጣሉ።

ተራ ጥገኛ ተውሳክ ብዙ ጊዜ ያስጠጋውን እንስሳ በሕይወት ያቆየዋል፤ ከሞተ ቤቱ ፈረሰበታ። እነዚህ ተርቦች ግን መጨረሻ ላይ ይገድላሉ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አባጨጓሬ ጀርባ ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነገር አይቻለሁ። እንቁላላቸው ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን እንቁላል አይደለም። እንቁላሉ የነበረው ውስጥ ነው፤ ያ ጊዜ አልፏል። የምታዩት ነጭ ነገር ከውስጥ የወጡት እጮች ድር ፈትለው ራሳቸውን የጠቀለሉበት ጎጆ ነው። እጩ እዚያ ውስጥ ሆኖ ወደ ክንፋም ተርብ ይለወጣል። ይህ የመለወጫ ደረጃ ፑፓ ይባላል። ይህቺን ነጭ ጎጆ አትርሷት። የቫይረሱ ሥራ የሚጀመረው እዚያች ውስጥ ነው፤ እንመለስባታለን።

አባጨጓሬው ራሱን አይከላከልም እንዴ?

በደንብ ይከላከላል። ነፍሳት እንደኛ ፀረ እንግዳ አካል አይሠሩም፤ ግን የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ባዕድ ነገር ሰውነታቸው ውስጥ ሲገባ የደም ህዋሳታቸው ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ጥቂቶቹ ይለጠፉበታል፤ ሌሎቹ በእነሱ ላይ ይነባበራሉ። እንግዳው በህዋስ ድርብርብ ተጠቅልሎ ይታፈናል። ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ሜላኒን ተቀብቶ ይጠቁራል። ለተርብ እንቁላል ይህ ሞት ነው።

ታዲያ የተርቧ እንቁላል ለምን አይታፈንም? በ1967 እ.ኤ.አ. ሱዛን ሮዘራም የተባለች ተመራማሪ የአንዲት ጥገኛ ተርብ እንቁላል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታይ ላዩ ላይ ጥቃቅን ቅንጣቶች አየች። ቅንጣቶቹ የሚመረቱት እዚያው የእናቲቱ የመራቢያ አካል ውስጥ ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ የሌሎች ተርቦች ቅንጣት ውስጥ ዲኤንኤ ተገኘ። ቫይረስ ይመስላል።

መልሱን ያመጣው በ1981 የታተመ ሙከራ ነው። ሙከራው ካምፖሌቲስ ሶኖረንሲስ በምትባል ተርብ ላይ የተሠራ ነው። እኔ በጣም የምወደው ቀላልነቱን ነው። እንቁላሉን አውጥተው አጠቡት። የታጠበውን አባጨጓሬ ውስጥ ሲያስገቡት ተጠቅልሎ ታፈነ። የታጠበውን እንቁላል ከተጣራ ቫይረስ ጋር ሲያስገቡት ግን እጩ አደገ። ቫይረሱን ዲኤንኤው እንዳይሠራ አድርገው ሲሞክሩትስ? እንቁላሉ እንደገና ታፈነ። ስለዚህ ጥበቃው የቫይረሱ ሽፋን አይደለም፤ የተሸከመው ጂን ነው። አባጨጓሬው ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ጂን አለ ማለት ነው።

ቫይረሱ መጀመሪያ ከየት መጣ?

ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአንድ እውነተኛ ቫይረስ። ኑዲቫይረስ የሚባል ወገን አለ፤ ነፍሳትን የሚያጠቃ፣ ዲኤንኤው ትልቅ የሆነ። ከእነዚህ አንዱ የአንዲት ጥንታዊ ተርብ የዘር ህዋስ ውስጥ ገብቶ ክሮሞዞሟ ላይ ተሰካ። ከዚያ ወዲያ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፍ ጀመር፤ ልክ እንደ ዓይን ቀለም። ዛሬ የዚያች ተርብ ዘሮች በአሥር ሺዎች የሚገመቱ ዝርያዎች ሆነዋል። ሁሉም ያንን ቫይረስ ይዘውት ይዞራሉ። ብራኮቫይረስ ይባላል። የኑዲቫይረስ ዝምድናው የተረጋገጠው በ2009 ነው።

ኢክኖቫይረስ የሚባለው ሌላው ወገን ግን ዘመዱ አይደለም። የተለየ የተርብ ቤተሰብ፣ የተለየ ቫይረስ፣ የተለየ ጊዜ። ውጤቱ ግን ቁጭ አንድ ዓይነት ሆነ። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ፖሊድናቫይረስ በሚል አንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ስሙ ዲኤንኤው በአንድ ቁራጭ ሳይሆን ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ መገኘቱን የሚናገር ነው። ተመሳሳይ ነገር ሁለቴ ለየብቻ መፈጠሩ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚደንቀው ነጥብ ነው። አንዴ ቢሆን ዕድል ነው እንላለን።

«በእድገት ጊዜ ጂን ይጋራሉ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ግን «ይጋራሉ» የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል። ሁለት ጎረቤታሞች ዕቃ የሚዋዋሱ ያስመስለዋል። እዚህ ሁለት ቤት የለም። የቫይረሱ ጂኖች የተርቧ ክሮሞዞም ላይ ናቸው፤ ክሮሞዞሙ ሲገለበጥ አብረው ይገለበጣሉ። የሚለዋወጠው መቼና የት እንደሚነቁ ነው። ያንን የሚወስነው ደግሞ የተርቧ የእድገት ሰዓት ነው።

ከመጀመሪያው እንሂድ። እንቁላል ሳለች የቫይረሱ ዲኤንኤ በእያንዳንዱ ህዋሷ ውስጥ አለ። ቫይረስ ግን አይመረትም። እጭ ሆና አባጨጓሬው ውስጥ ስታድግም እንደዚያው ነው። ከዚያ ትወጣለች፣ ነጯን ጎጆ ትፈትላለች፣ ፑፓ ትሆናለች።

አሁን ነገር ይጀመራል። ፑፓዋ መጀመሪያ ነጣ ያለች ናት። ቀስ በቀስ ዓይኗ ቀለም ይይዛል፤ ቀጥሎ ሰውነቷ ይጠቁራል። ይህን የሚመራው ኤክዳይሶን የሚባለው የነፍሳት ሆርሞን ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። ቫይረሱም የሚሰማው ይህንኑ ሆርሞን ነው። ሰውነቷ ሲጠቁር ውስጧ ደግሞ ቫይረስ መመረት ይጀምራል። ቀለሟን እያዩ ምርቱ የት እንደደረሰ መገመት ይቻላል።

ቦታውም የተመረጠ ነው። አንድ ቦታ ብቻ፦ ካሊክስ የሚባለው፣ እንቁላል ከሚመረትበት ወደ መውረጃው የሚያሻግረው አንገት። የካሊክስ ህዋሳት ኑክሊየሳቸው ያብጣል። መጀመሪያ የሚነቁት ከጥንቱ ኑዲቫይረስ የቀሩ፣ ጂን አንባቢ ኢንዛይም የሚሠሩ ጂኖች ናቸው። ይህ ኢንዛይም ደግሞ የቫይረሱን ቀፎ፣ ማለትም ዲኤንኤው የሚታሸግበትን ቅርፊት፣ የሚሠሩትን ጂኖች ያነባል። ማይክሮፕሊቲስ ዴሞሊቶር በምትባል ተርብ ላይ የኢንዛይሙን ጂኖች ዝም ሲያሰኟቸው የቀፎው ጂኖችም አብረው ዝም አሉ። ማለትም ቫይረሱ መቶ ሚሊዮን ዓመት ሙሉ የራሱን አንባቢ ይዞ ቆይቷል። ቁልፉን የያዘችው ግን ተርቧ ናት።

ቀጥሎ አባጨጓሬው ጋ የሚሄደው ዲኤንኤ በብዛት ይገለበጣል። ከዚያ ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ይገጠማል፤ ቀለበት ይሆናል። የሚቆረጥበት ቦታ በሁለቱም ጫፍ ላይ ተመሳሳይ የዲኤንኤ ፊደል አለው፤ መቁረጫው ኢንዛይም ያንን ነው የሚያውቀው። ቀለበቱ ቀፎ ውስጥ ይታሸጋል። ብራኮቫይረስ የሚሠሩት ላይ ህዋሱ ራሱ ይፈነዳና ቅንጣቶቹ ይፈሳሉ። ኢክኖቫይረስ የሚሠሩት ላይ ግን ህዋሱ አይሞትም፤ ቅንጣቶቹ በሽፋኑ በኩል እየበቀሉ ይወጣሉ።

ተርቧ ክንፍ አውጥታ ጎጆዋን ቀዳ ስትወጣ ታጥቃ ነው የምትወጣው። የካሊክሱ ቦታ በፈሳሽ ተሞልቷል። ቀደው ሲያዩት ፈሳሹ በብርሃን ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል። ይህ ቀለም የሚመጣው ቅንጣቶቹ እጅግ ከመታጨቃቸው የተነሳ ብርሃን ስለሚበትኑ ነው።

ቅንጣቱ ውስጥ ምን አለ? የቫይረሱ ጂኖች አይደሉም?

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ደነገጠ። በ2004 የኮቴሲያ ኮንግሬጋታ ብራኮቫይረስ ሙሉ ዲኤንኤ ተነበበ። 30 ቀለበት፣ ወደ 567 ሺህ ፊደል፣ 156 ገደማ ጂን። ከዚህ ውስጥ የቫይረስ ጂን ፈለጉ፤ አጡ ማለት ይቻላል። ቀፎ የሚሠራ የለም። ዲኤንኤ የሚገለብጥ የለም። 70 በመቶ ያህሉ ምንም ፕሮቲን አይጽፍም። ያሉት ጂኖች ይበልጥ የሚመስሉት የነፍሳትን ጂን ነው። «ታዲያ ይሄ እንዴት ቫይረስ ይባላል?» ያሉ ነበሩ፤ አይፈረድባቸውም።

ፍንጩ የተገኘው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው በ2009 ነው። ተመራማሪዎቹ ቀለበቶቹን ትተው የተርቧን ካሊክስ ፈተሹ። እዚያ ምርቱ በተጧጧፈበት ሰዓት የሚሠሩትን ጂኖች ሲያዩ ኑዲቫይረሱ ብቅ አለ። አንባቢው፣ ቀፎ ሠሪው፣ ሁሉም የተርቧ ክሮሞዞም ላይ ነበሩ። ወደ ቀለበት አይገቡም፤ አይታሸጉም።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። ድሮ አንድ የነበረው ቫይረስ ለሁለት ተከፍሏል። ፋብሪካው እቤት ቀረ። የሚወጣው ጭነቱ ብቻ ነው። ጭነቱ ደግሞ ቀስ በቀስ ተተክቷል፤ የቫይረሱ ጂኖች ወርደው ተርቧን የሚጠቅሙ ጂኖች ተጫኑበት። አንዳንዶቹ ከራሷ ከተርቧ ጂን ተገልብጠው የመጡ ናቸው። ቅንጣቱ አባጨጓሬው ውስጥ ከገባ በኋላ ሊባዛ አይችልም፤ ፋብሪካው የለበትምና። የመመለሻ ትኬት የሌለው ጉዞ ነው።

ይህ እንግዲህ ቫይረስ ነው ወይስ አይደለም?

ቫይረሶችን የሚመድበው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በቅርብ ዓመታት ውስጥ «ቫይሪፎርም» የሚል የተለየ ምድብ አውጥቶ እነዚህን እዚያ አስገብቷቸዋል። ከቫይረስ የመጣ፣ ቫይረስ የሚመስል፣ ግን የባለቤቱ ዕቃ የሆነ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ የተርቧ አንድ አካል ነው ብዬ ነው የማስበው። መርዟ አካሏ ነው አይደል? ይህም ያው ነው። ለጽሑፉ እንዲመች ግን «ቫይረስ» ማለቴን እቀጥላለሁ።

አባጨጓሬው ውስጥ ጂኖቹ ምን ይሠራሉ?

ቅንጣቶቹ የደም ህዋሳትና ሌሎች ህዋሳት ውስጥ ይገባሉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጂኖቹ መሥራት ይጀምራሉ። አባጨጓሬው በራሱ ህዋስ፣ በራሱ ጉልበት፣ ጠላቱን የሚጠቅም ፕሮቲን ያመርታል።

የማይክሮፕሊቲስ ዴሞሊቶር ቫይረስ በዚህ ረገድ በደንብ የተጠና ነው። የሥራ ክፍፍሉን እዩት። አንዱ ጂን የደም ህዋሳቱ ላይ የሚያንሸራትት ሽፋን ያመጣል፤ መለጠፍ ያቅታቸዋል። መለጠፍ ካልቻሉ መጠቅለል የለም። ሁለተኛው ሜላኒን የሚያመርተውን የኢንዛይም ሰንሰለት ይዘጋል፤ መጥቆር ቀረ። ሦስተኛው የፎስፌት ምልክቶችን ከፕሮቲኖች ላይ ያነሳል፤ ህዋሳቱ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ይበላሻል፤ አንዳንዶቹም ይሞታሉ።

አራተኛው ተንኮለኛው ነው። የነፍሳት ህዋስ ውስጥ የመከላከያ ጂኖችን የሚያስነሳ ማብሪያ አለ። ማብሪያውን የሚይዝ ፍሬን አለ። አደጋ ሲመጣ ህዋሱ ፍሬኑን ያፈርሰዋል፤ ማብሪያው ይለቀቃል። ቫይረሱ የሚያመጣው ፕሮቲን ይህንን ፍሬን ይመስላል፤ የሚፈርስበት ክፍል ግን የለውም። ስለዚህ አደጋ ቢመጣ ባይመጣ ፍሬኑ እንደተያዘ ይቀራል።

ከመከላከያው ሌላ እድገቱም ይነካል። የትምባሆ አባጨጓሬው በጤናው ቢሆን ጊዜው ሲደርስ መብላት ያቆማል፣ መሬት ውስጥ ይገባል፣ ፑፓ ይሆናል። የተወጋው ግን ይህን አያደርግም። ሆርሞኑ ተዛብቷል። ለተርብ እጮቹ ይህ ግድ ነው፤ እነሱ ውስጥ ሳሉ ፑፓ ከሆነ የነሱ ነገር አበቃ። እጮቹ ከወጡ በኋላ እንኳ አባጨጓሬው አያገግምም። ጀርባው ላይ ነጭ ጎጆዎቹን ተሸክሞ፣ ሳይበላ፣ ለቀናት ቆይቶ ይሞታል።

ነገሩን አስተውሉት፦ የተርቧ የራሷ የለውጥ ሆርሞን ሰዓቱን ጠብቆ ቫይረሱን ያስነሳል። ያ ቫይረስ ደግሞ ሄዶ የሌላውን የለውጥ ሰዓት ያቆማል።

ሁሉንም ቫይረሱ ብቻውን አይሠራም፤ ይህንን መጥቀስ አለብኝ። እናቲቱ መርዝም ትጨምራለች። ከእንቁላሉ ሽፋን የሚወጡ ቴራቶሳይት የሚባሉ ግዙፍ ህዋሳትም አባጨጓሬው ደም ውስጥ እየተንሳፈፉ እጩን ያግዛሉ።

ጂኖቹ አባጨጓሬው ዲኤንኤ ላይ ይቀራሉ?

አንዳንዶቹ ቀለበቶች አዎ። ቀለበቱ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ይከፈትና የአባጨጓሬው ክሮሞዞም ውስጥ ይሰካል። ብዙውን ጊዜ ይህ የትም አያደርስም። አባጨጓሬው ይሞታል፤ የተሰካው ጂንም አብሮት ይሞታል።

ግን የማይሞትም አለ። ተርቧ አንዳንዴ ተሳስታ የማይሆናትን ዝርያ ትወጋለች። ቫይረሱ ይገባል፤ እንቁላሉ አያድግም፤ አባጨጓሬው ተርፎ ቢራቢሮ ይሆናል። ጂኑ የዘር ህዋሱ ውስጥ ከተሰካ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። በ2015 የታተመ ጥናት የብራኮቫይረስ ጂኖችን በሞናርክ ቢራቢሮ፣ በሐር ትልና ተምች በምንላቸው ወገኖች ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤ) ውስጥ አግኝቷል። አንዳንዶቹ ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም፤ ይሠራሉ። ባኩሎቫይረስ የሚባል ነፍሳትን የሚጨርስ ቫይረስ ሲያጠቃ ይከላከላሉ።

ጂኑ የዞረውን መንገድ ልብ በሉ። ከተርብ ተነስቶ፣ በቫይረስ ተጭኖ፣ ቢራቢሮ ውስጥ ቤት ሠራ። ሊገድል የተላከው ጠባቂ ሆነ። እናም እነዚህን ቢራቢሮዎች እናት ተፈጥሮ በዘረመል የለወጠቻቸው ፍጥረታት ብላቸው ብዙም አላጋነንኩም።

ወንዱ ተርብስ?

ጂኖቹ አሉት፣ ቫይረሱን ግን አይሠራም። ካሊክስ የለውማ። ለሴት ልጆቹ ግን ያወርሳል። እስካሁን «እሷ» እያልኩ የማወራው ለዚህ ነው።

የቫይረሱ ጂን ትንሽ ቢለያይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ጥሩው ምሳሌ ያለው ኬንያ ነው። ኮቴሲያ ሴሳሚየ የምትባል ተርብ አለች፤ አገዳ ቆርቁርን የምታጠቃ። ከኪታሌ አካባቢ የመጣችው የበቆሎውን አገዳ ቆርቁር፣ ቡሲዮላ ፉስካን ስትወጋው ልጆቿ ያድጋሉ። ከሞምባሳ፣ ከባሕሩ ዳርቻ የመጣችው ስትወጋው ግን እንቁላሎቿ ተጠቅልለው ይታፈናሉ። መልካቸው አንድ ነው። ስማቸው አንድ ነው። የችሎታቸው ልዩነት የደም ህዋሳትን ከሚያደነዝዝ አንድ የቫይረስ ጂን ልዩነት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ለሰብል ጥበቃ ተርብ የሚያረቡ ሰዎች ይህን በደንብ ማወቅ አለባቸው። ዝርያው ትክክል ሆኖ ቫይረሱ የማይሆን ሊሆን ይችላል። ያኔ ሺህ ተርብ ቢለቀቅ ውጤት የለውም።

አባጨጓሬው የሚበላው ተክል ይህን ሁሉ ያውቃል?

«ያውቃል» ባንልም ይነካዋል። ተክል አባጨጓሬ ሲበላው ከምራቁ ለይቶ መከላከያውን ያስነሳል። በ2018 የወጣ ጥናት ቲማቲም ላይ ያሳየው፣ ቫይረሱ የአባጨጓሬውን ምራቅ ይለውጠዋል። ተክሉን የሚያስቆጣው ኢንዛይም ይቀንሳል። ተክሉ ብዙም አይቆጣም፤ አባጨጓሬው ይመቸዋል፤ ውስጡ ያሉት የተርብ ልጆች ደግሞ አብረው ይመቻቸዋል።

ሒሳቡ ግን በዚህ አይዘጋም። ጥገኛ ተርብን የምታጠቃ ሌላ ጥገኛ ተርብ አለች፤ ሊሲቢያ ናና ትባላለች። የምትፈልገው እነዚያን ነጭ ጎጆዎች ነው። ጎመን ላይ በተሠራ ሌላ የ2018 ጥናት መሠረት ቫይረሱ የአባጨጓሬውን ምራቅ ሲለውጥ የተክሉም ሽታ ይለወጣል። ሊሲቢያ ይህን ሽታ ተከትላ ትመጣለች። ለልጅ መጠበቂያ የተላከው ቫይረስ ጠላት ይጠራል። ምን ይደረግ!

ቫይረስ የሚጠቀሙ ተርቦች ሁሉ እንዲህ ናቸው?

አይደሉም። አንዳንዶቹ ገና እውነተኛ እንግዳ ነው ያላቸው። የፍራፍሬ ዝንብን የምታጠቃ ዲያካስሚሞርፋ ሎንጊካውዳታ የምትባል ተርብ መርዝ ዕጢዋ ውስጥ ከፈንጣጣ ቫይረስ ቤተሰብ የሆነ ቫይረስ ይኖራል። ይህኛው ጂኖሙ የራሱ ነው፤ ዝንቡ ውስጥም ይባዛል። ክሮሞዞሟ ላይ አልተሰካም።

ሌላዋ ዲኖካምፐስ ኮክሲኔሌ ናት፤ ቀይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ የምታጠቃ። እጯ ከጥንዚዛዋ ወጥታ እግሮቿ መካከል ጎጆ ትፈትላለች። ጥንዚዛዋ እየተንቀጠቀጠች ከላዩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በ2015 የጥንዚዛዋ ጭንቅላት ውስጥ ከተርቧ የተላለፈ ቫይረስ ተገኘ፤ መደንዘዟ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። የሚገርመው አንዳንዶቹ ጥንዚዛዎች በኋላ ይድናሉ።

ሰውን ይይዛል?

አይይዝም። ክሮሞዞሟ ላይ የሚኖረው ከተርቧ ውጭ መባዛት የማይችል ቅንጣት ነው፤ የሚገባውም የነፍሳት ህዋስ ውስጥ ነው። እነዚህን ተርቦች ለተባይ መከላከያ ሲለቁ ሰው ከዚህ በኩል የሚሰጋበት ነገር የለም። የቫይረስ ዲኤንኤ መሸከም ካስፈራችሁ ግን፣ የሰው ጂኖም 8 በመቶ ያህሉ ከድሮ ሬትሮቫይረሶች የቀረ ነው። የእንግዴ ልጅ የሚሠራበት አንድ ፕሮቲንም ከዚያው የመጣ ነው። ስለዚህ ተርቧን ለብቻዋ አንውቀሳት።

ተርብ ይህን ቫይረስ በሌላ ልትተካው ትችላለች?

የ1967ቷን እንቁላል ታስታውሳላችሁ? የዚያች ተርብ የዛሬ ስሟ ቬንቱሪያ ካነሴንስ ነው፤ ዱቄት ውስጥ የሚራቡ የእሳት እራቶችን እጭ ታጠቃለች። የቅርብ ዘመዶቿ ኢክኖቫይረስ ይሠራሉ። እሷ ግን ያ የላትም። ክሮሞዞሟ ሲታይ በ2015 የተገኘው ኑዲቫይረስ ነው፤ ያም ከብራኮቫይረሱ አባት የተለየ ሌላ ኑዲቫይረስ። እንቁላሏ ላይ የታዩት ቅንጣቶች የሚሠሩት በእሱ ጂኖች ነው።

ቅንጣቶቹ ውስጥ ግን ዲኤንኤ የለም። ቀፎ የሚሠሩት ጂኖች ጠፍተዋል ወይም ተበላሽተዋል። የቀረው የቫይረሱ ሽፋን ነው፤ ውስጡ የታሸገው ደግሞ የተርቧ የራሷ ፕሮቲን። ጂን ልኮ አባጨጓሬው እስኪያመርት መጠበቅ ቀርቷል። የተዘጋጀውን ፕሮቲን በሽፋን ጠቅልላ፣ እንቁላሉ ላይ ቀብታ ትልካለች።